የራዲያተር ሠሪዎች ዘመን

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 100 ዲግሪ ሳይሞላ የማይፈላው ውሃ፣ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ሲጠጋ የአየሩ ግፊት ስለሚላላ ቀድሞ ይንተከተካል። ጣርማበር ላይ 3,000 ሜትር ይታለፋልና እዚያ 90 ዲግሪ ይበቃዋል። የደጋ ሰው ባቄላ ለመቀቀል ከቆላው ሰው የበለጠ እንጨት የሚማግደው ለዚህ ነው። ሾፌር ይህን ነገር የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው፤ ዳገት መሀል የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሲጠጋ፣ ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ሲነሳ፣ ተሳፋሪው «ምን ሆነ?» ማለት ሲጀምር። ደጋው ከፍ ያለ፣ ሸለቆው ጥልቅ በሆነበት አገር የራዲያተር ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም።

እኔ እንጀራ የበላሁት በዚህ ሙያ ነው። መርካቶ ውስጥ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙ በማይርቅ ጠባብ ቤት፣ ራዲያተር ስፈታ፣ ስጠርግና ስበይድ ፀጉሬ ሸብቷል። ስለ ሾፌር ብዙ ተዘፍኗል፤ ስለ መንገድ ሥራም ብዙ ተጽፏል። ራዲያተር ስለሚጠግኑ ሰዎች ግን ተጽፎ ያነበብኩት የለም። ከአለቃዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን አንድ ላይ ማኖር ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያስከበረበት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሞተሩን የሚያበርደው ውሃው ፈልቶ በመትነን ነበር። ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ከተማ ተነስታ ረጅም ጉዞ ስታደርግ በየመንገዱ ውሃ እየቀዳች መሙላት ግድ ሆኖባታል። መላውን ያገኘው መሐንዲሱ ቪልሄልም ማይባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ ለተሠራው የመርሴዲስ መኪና 8,070 ትንንሽ ቱቦዎችን እርስ በርስ በይዶ አንድ ራዲያተር አወጣ፤ አየሩ በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ውሃው በመካከላቸው ያልፋል። ይህን ቁጥር ለተለማማጆች ስነግራቸው ዝም ይላሉ፤ የአንዲት ቱቦ ብየዳ ብትከዳ ራዲያተሩ በሙሉ ያፈሳልና። የኋለኞቹ ራዲያተሮች ነገሩን ገለበጡት። ውሃው በጠፍጣፋ የናስ ቱቦ ውስጥ ይወርዳል፣ ሙቀቱ በቱቦዎቹ መሀል ወደ ተደረደሩት ስስ የመዳብ ቅጠሎች ይሻገራል፣ ነፋሱ ከዚያ ላይ ይዞት ይሄዳል። አባቶቻችንም እኛም ስንጠግን የኖርነው ይህን ዓይነቱን ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘ መኪናውን ከጅቡቲ አንስቶ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ አስገባ። አጼ ምኒልክም ተሳፈሩበት። በዚያ ዘመን የራዲያተር ክዳን ግፊት አይዝም፤ ውሃው እንደ ማንኛውም ድስት በከፍታው ልክ ይፈላል። ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ እንጦጦ ግርጌ ያለውን አቀበት ለሚያውቅ ሰው፣ ያ መኪና በመንገዱ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ መገመት አያቅተውም።

መኪናው ሲገባ ግን መዳብና ናስ የሚበይድ እጅ አገሩ ውስጥ ነበረ። መስቀል የሚያቀልጡ፣ ጽናጽል የሚሠሩ፣ የተሰበረ ሰታቴ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩን። ክብር ግን አልነበራቸውም፤ ብረት ቀጥቃጩ ይሰደብ፣ ይገለል ነበር። ምኒልክ በዚያው ዘመን ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ወዲያው አላጠፋውም። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ፣ እጄ በእርሳስ ጠቁሮ ወደ ሰፈር ስገባ ምን ስም ይሰጠኝ እንደነበር አልረሳውም። ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። የአገሪቱን መኪኖች በእግራቸው ያቆመው እጅ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው።

ሙያው በብዛት የገባው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ጣሊያኖች ለጦራቸው ሲሉ ተራራ ቆርሰው መንገድ አወጡ። የጣርማበር ዋሻ፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ከአስመራ ወደ ደቡብ የሚወርደው ጎዳና የዚያን ጊዜ ሥራዎች ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች በሺህ ይርመሰመሱ ነበር። አገሩ ነጻ ሲወጣ ብዙ መኪና ከነስብርባሪው እዚሁ ቀረ። ከጣሊያኖቹም ሜካኒክና በያጅ የነበሩ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ቀርተው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በአስመራ ጋራዥ ከፈቱ። በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሙያን በትምህርት ቤት መማር ተጀመረ፤ ራዲያተር ግን አብዛኛው ሰው የተማረው ጋራዥ ውስጥ መሣሪያ በማቀበል ነው።

አለቃዬ ከነዚያ መሣሪያ አቀባዮች አንዱ ነበሩ። ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። በልጅነታቸው ፒያሳ አካባቢ የአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ራዲያተር አጣቢ ሆነው ገቡ። ጌታው ራዲያተር ሲከፍት ያሳያቸዋል፤ ሲበይድ ግን ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ጋሼ ብየዳውን በጆሮ ተማሩት። አሲዱ ናሱ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ፣ እርሳሱ ቀልጦ ሲሮጥ እንዴት ጸጥ እንደሚል ለይተው አወቁ። ማታ ሰው ሲወጣ በተጣለ ራዲያተር ላይ እየሞከሩ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጌታው ራሱ የከበደውን ሥራ ወደ እሳቸው የሚልክ ሆነ። እሳቸው ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው አያውቁም። «ሙያ የደበቀ ሰው መቃብሩ ውስጥ ይዞት ይገባል» ይሉን ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር መንገዱ ሰፋ፤ መኪናውም በዛ። ከዚያ በኋላ የመጣው የፊያት 682 ኤንትሬ ነው። ከሁለት ትውልድ በላይ የኢትዮጵያን እህል፣ ቡና፣ ስሚንቶና ነዳጅ ያመላለሰ መኪና ነው። አጎቴ የኤንትሬ ሾፌር ስለነበር፣ ራዲያተርን መጀመሪያ ያወቅሁት የእሱ ረዳት ሆኜ በጎጃም መስመር ላይ ነው።

ዓባይ በረሃን ያላየ ሰው የራዲያተርን ዋጋ አያውቅም። ከጎሃ ጽዮን ጫፍ 2,400 ሜትር ከሚያልፍ ደጋ ተነስተህ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ትወርዳለህ፤ ድልድዩን ተሻግረህ ደግሞ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ቁልቁለቱና ዳገቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መውረዱ የፍሬን ፈተና ነው፤ መውጣቱ የራዲያተር። ከታች ሙቀቱ እንደ እሳት ይገርፋል። መኪናው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ስለሚወጣ ሞተሩ በኃይል ይሽከረከራል፣ ጎማው ግን ከእግረኛ ብዙ አይፈጥንም፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ የሚነፍስ ነፋስ የለም። በዚያ ላይ ነፋሱ ከኋላ ከመጣ ጨርሶ አለቀ። ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀት ይጨምራል፣ የሚወስድለት አየር ይቀንሳል።

የረዳት ሥራ ያን ጊዜ ይጀምራል። ታኮውን ይዤ ዘልዬ እወርድና ከኋላ ጎማ ሥር እወትፋለሁ። አጎቴ ሞተሩን አያጠፋም፤ ዝግ አድርጎ ያዞረዋል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሲጠፋ የውሃው ዝውውር ይቆምና ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ውስጥ የታመቀው ሙቀት መውጫ ያጣል። ክዳኑን ወዲያው መክፈት ክልክል ነው። ብዙ ረዳት ፊቱን የተቃጠለው በዚህ ነው። ቀስቱ ሲወርድ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ ማዞር፣ እንፋሎቱ ፉጨቱን እስኪጨርስ መታገስ፣ ከዚያ ከጀሪካን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ሞተሩ እየዞረ መሙላት። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከተደፋበት የጋለው ቴስታታ ይሰነጠቃል፤ እዚያ በረሃ ውስጥ ቴስታታ ተሰነጠቀ ማለት ጭነቱን እየጠበቁ ቀናት ማደር ማለት ነው።

ታሪኩ ያለው ጀሪካኑ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ነው። ውሃው ከየት መጣ? ከመንገድ ዳር ምንጭ፣ ከወንዝ፣ ክረምት ላይ ከኩሬ። ሾፌር ሲቸግረው ያገኘውን ይሞላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ያ ውሃ ግን ባዶውን አይገባም። የጎጃም ወንዝ በክረምት ቀይ አፈር ይዞ ይወርዳል። የድሬዳዋና የመቀሌ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ኖራ የሟሟበት ነው። ውሃው ሲሞቅ የሟሟው ኖራ ይለያል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ልባስ ሆኖ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ልባስ ሙቀትን በማሳለፍ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ ሰነፍ ነው። የወረቀት ያህል ሲሳሳ እንኳ ራዲያተሩን ያደክመዋል። እየወፈረ ሲሄድ ጠፍጣፋዋን ቱቦ ይደፍናታል። ከሞተሩ የሚወጣው የብረት ዝገት ደግሞ ከሥር ከሥሩ ያጠነክረዋል።

ለዚህ ነው ራዲያተር ስንከፍት መኪናው የት የት እንደዋለ የምናውቀው። ጋሼ የላይኛውን ጋን ሲያነሱ አስቀድመው ጣታቸውን አስገብተው ይጠርጉና ያሹታል። ቀይ ጭቃ ከሆነ የጎጃም ወይም የወለጋ መስመር ነው። ነጭ፣ በምላጭ ካልሆነ የማይፋቅ ቅርፊት ከሆነ መኪናው የምሥራቅ ወይም የሰሜን ነው። ከአሰብ መስመር የሚመጣው ራዲያተር ከሁሉም ይከፋ ነበር፤ በአፋር በረሃ ያለው ጨዋማ ውሃ ኖራውን ብቻ አይተክልም፣ ብየዳውን ራሱን ይበላዋል። ሾፌሩ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ንጹሕ ውሃ ነው የማስገባው» ሲላቸው አይቆጡትም ነበር። «ልጄ፣ ሎጊያ ላይ የሞላኸውን ነው እያየሁት ያለሁት» ይሉታል። ሾፌሩ አቀርቅሮ ዝም ይላል።

ከደርግ ዘመን በላይ ሙያችን የተፈለገበት ጊዜ አላውቅም። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ እንደ መድኃኒት ይፈለግ ነበር፤ አዲስ ራዲያተር ማስመጣት ለግል ባለመኪና የሕልም ያህል ነው። መኪናው ግን መሥራት አለበት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ስንዴው አሰብ ወደብ ላይ ይራገፋል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ወሎና ትግራይ ደጋ ላይ ነው። በመካከሉ በረሃና አቀበት አለ። ያን ጊዜ ከነጭነታቸው ቆመው ራዲያተራቸው ብቻ በሌላ መኪና ተጭኖ ወደ እኛ የሚመጣ ኤንትሬዎች ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርተን ጠዋት እንመልሳለን። ጋሼ በዚያ ሰሞን ለእህል ጫኝ መኪና ሥራ ወረፋ አያስጠብቁም ነበር፤ ይህን የማነሳው ሊታወቅላቸው የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው።

እቃ ስለሌለ ሁሉን ነገር እኛው እናዘጋጀው ነበር። ሁለት የሞቱ ራዲያተሮችን ቆርጠን አንድ ደህና እናወጣለን። የተቀደደ ጋን በናስ ላሜራ እንተካለን። ለብየዳው ቆርቆሮና እርሳስ ያስፈልጋል፤ እርሳሱን ከሞተ የመኪና ባትሪ እናወጣለን። ብየዳ ናስ ላይ የሚይዘው ናሱ ከዝገት ሲጸዳ ነው፤ ለዚያ የሚያገለግለውን አሲድ የምንሠራው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ የዚንክ ቆርቆሮውን ጨው አሲድ ውስጥ ጨምረን ነው። ዚንኩ እየፈላ ያልቅና አሲዱ ይበርዳል፤ ያ የበረደ አሲድ በላባ ተቀብቶ እሳት ሲነካው እርሳሱ እንደፈለግነው ይሮጣል። የእርሳስ ጭስ ሰው እንደሚጎዳ ያን ጊዜ የነገረን የለም። በሩን ከፍተን ወተት መጠጣት ይበቃናል ብለን እናምን ነበር፤ ወተት የእርሳስን ጉዳት አይከላከልም። ዛሬ በኔ ቤት አየር የሚስብ ማራገቢያ ሳይበራ ማንም አይበይድም።

በ1980ዎቹ መንግሥት ሲለወጥና ገበያው ሲከፈት መንገዱን የያዘው ሚኒባስ ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የቶዮታ ሃይስ ታክሲ አዲስ አበባን አጥለቀለቃት። የሃይስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ወንበሩ ካልተነሳ አይታይም። ስለማይታይም ይረሳል። የጭነት መኪና ሾፌር ጠዋት ጠዋት ውሃና ዘይት ያያል፤ የታክሲ ሾፌር ግን ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ላይ ነው። መኪናው ሙሉ ሰው ጭኖ በመጨናነቅ ውስጥ ይንፏቀቃል፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳን ይወጣል። የዓባይ በረሃ ችግር ከተማ ገባ ማለት ነው፦ ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ ነፋስ።

አንድ ሃይስ ሞቀ ተብሎ ሲመጣ ራዲያተር ለማውረድ አልቸኩልም። መጀመሪያ ክዳኑን አያለሁ። የቶዮታ ክዳን ላይ አብዛኛውን ጊዜ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ግፊቱ ነው። የክዳኑ ጎማ ደህና ከሆነ በዚያ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ውሃው 110 ዲግሪ ቢያልፍም አይፈላም። ጎማው ካለቀ፣ ወይም ሾፌሩ ክዳኑ ጠፍቶበት በጨርቅ ከወተፈው፣ ውሃው ተመልሶ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ ነው መከፈት የሚጀምረው። አስቡት፤ በመደበኛው ሙቀትና በመፍላቱ መካከል የቀረው ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ስንት ሞተር በአንድ ርካሽ ክዳን ተቃጥሏል! ቀጥዬ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥብ እንደሆነ አያለሁ። ሞተሩ በርዶ ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ከተንቦጨረቀ ጉዳቱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ የኛ ሥራ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ መዳፌን በራዲያተሩ ፊት ላይ አስኬዳለሁ። ሁሉ ቦታ እኩል መሞቅ አለበት። መሀሉ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውሃ አያሳልፉም፤ ተደፍነዋል።

ያን ጊዜ ይወርዳል። የታችኛው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው በሳፋ ይያዛል፤ ቀለሙ ብዙ ይናገራል። የላይኛውና የታችኛው ጎማ ቱቦ ፋሸታቸው ይፈታል። የደረቀ ጎማ እየተጎተተ አይነቀልም፤ የራዲያተሩን አፍ ይሰብራል፤ በቢላ ይሰነጠቅና ይጣላል። የማራገቢያው ከለላ ይፈታል፣ ብሎኖቹ ይወጣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው ከሥር ተኝቶ ይቀበላል፣ ሌላው ከላይ ይለቃል፤ ስሶቹ የመዳብ ቅጠሎች በማራገቢያው ጥርስ እንዳይተኙ ካርቶን መሀል ይገባል።

ከወረደ በኋላ የታችኛውን አፍ በመዳፌ ደፍኜ ውሃ እሞላውና እለቀዋለሁ። ጤነኛ ራዲያተር ውሃውን በአንድ ጊዜ ይተፋዋል። የታመመው ይንጠባጠባል። ከዚያ በእሳት የላይኛው ጋን ዙሪያ ይሞቃል፤ እርሳሱ ሲቀልጥ ጋኑ ይነሳል። የቱቦዎቹ አፍ ተደርድሮ ይታያል፤ ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ በነጭና በቡናማ ቅርፊት የተዘጋ። አንዳንዴ የእንቁላል ቅሪት አገኛለሁ፤ ሾፌሩ የሚያፈሰውን ራዲያተር ለማድረቅ የጨመረው ነው። እንቁላል ቀዳዳውንም ይደፍናል፣ ደህናውን ቱቦም አብሮ ይደፍናል። አታድርጉት።

ቱቦውን የምንጠርገው ከሳጥን ማሰሪያ ብረት ተቆርጦ ጫፉ በሞረድ በተለሰለሰ ስስ ዘንግ ነው። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጉልበት ከገፋኸው ይቀደዳል፤ ካልገፋኸው ኖራው አይለቅም። ዘንጉ ሲሄድ እጅህ ላይ የሚሰማህ ነገር አለ፤ ኖራ ይንኮሻኮሻል፣ ናስ ግን ዝም ይላል። ዝም ሲልህ ታቆማለህ። ለማስተማር ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። አንዳንዱ ልጅ በሳምንት ይይዘዋል፣ አንዳንዱ በዓመትም አይሆንለትም። ተጠርጎ ሲያልቅ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ጋኑ ይመለሳል። የብየዳው እርሳስ ከ180 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይቀልጣል፤ ስለዚህ ላይኛውን ስትበይድ የቱቦዎቹ ሥር እንዳይላላ እርጥብ ጨርቅ ይደረግበታል። በመጨረሻ አፎቹ ተደፍነው፣ አየር ተሞልቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጠልቃል። አረፋ የወጣባት ቱቦ ትበየዳለች፤ የማትድን ከሆነ በሁለት ጫፏ ትደፈናለች። ጥቂት ቱቦ ቢሞት ራዲያተሩ ይሠራል፤ ብዙ ከሞተ ግን ለባለመኪናው እውነቱን መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ይህ ሙያ እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመኪና ፋብሪካዎች ወደ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ራዲያተር ዞሩ፤ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ደህና ያሳልፋል። በዚያ ቅር አልሰኝም፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅላል፤ የኛ ቆርቆሮና እርሳስ በዚያ ቆዳ ላይ አይዝም። የፕላስቲኩ ጋን በብረት ጥርስ ተጨምድዶ፣ ከሥሩ ጎማ ገብቶ ነው የሚያያዘው፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ሲከፈት ጥርሱ ይሰበራል። ስለዚህ ባለመኪናው ሲደፈንበት ከሱቅ ሌላ ይገዛል። በሱቁ ውስጥ ያለው አዲሱ ዕቃም እኩል አይደለም፤ ቅጠሉ የሳሳ፣ ቱቦው የቀነሰ፣ በአንድ ዓመት የሚያፈስ ራዲያተር አይቻለሁ። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ግን ስንት ጊዜ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ተበይዶ ከባለቤቱ የሚበልጥ ዕድሜ ኖሯል።

የድሮዎቹ ራዲያተሮች አሁን የሚሄዱት ወደ ምናለሽ ተራ ነው። ቁራሌው በኪሎ ይገዛቸዋል፣ ለመዳቡ ሲባል ይቀልጣሉ። ሊጠገን የማይችለው ቢቀልጥ ተገቢ ነው። ልቤን የሚያሳዝነው ግን አንድ ቀን ሥራ ብቻ የሚያስፈልገው ደህና ራዲያተር፣ ጠያቂ በማጣት ወደዚያው ሲጣል ማየት ነው። ያን የሚሠሩትም ሰዎች ከነሙያቸው እየሄዱ ነው። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ከሳቸው ጋር የሠሩት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ወደዚህ ሥራ አላስገቡም፤ አልፈርድባቸውም።

የመኪና ባለቤት የሆንክ አንባቢ፣ ራዲያተርህ አሉሚኒየምም ይሁን መዳብ ኩላንት ሙላበት፤ ካጣህ የተጣራ ውሃ፣ እሱም ካልተገኘ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከወንዙ ይሻላል። ክዳኑን በልኩ ለውጥ። ሞተሩ ሲሞቅ አትክፈተው። የመዳብ ራዲያተር ካለህ ለቁራሌው ከመስጠትህ በፊት ለአንድ ሠሪ አሳየው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ለምትመሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በመርካቶ፣ በድሬዳዋና በኮምቦልቻ እጃቸው ገና ያልዛለ ሽማግሌዎች አሉ። ጥሯቸው፤ ተማሪዎቻችሁ ፊት አንድ ራዲያተር ይክፈቱ።